"ይሄ ዳይት ይሰራል" ሲሏችሁ ማስረጃውን እንዴት ትመዝናላችሁ

በቀደም የአክስቴ ልጅ የቲክቶክ ቪድዮ ላከችልኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ "16 ሰዓት ሳትበሉ ከቆያችሁ ሰውነታችሁ የራሱን ቆሻሻ በልቶ ይታደሳል፣ ይሄ ኖቤል የተሸለመ ሳይንስ ነው" ይላል፣ ከስር ደሞ የሚበጠበጥ ዱቄት ይሸጣል፣ ዋጋው የደሞዟን ሩብ ያህል ነው። ልጅቷ 34 ዓመቷ ነው፣ ስኳር የለባት ግፊት የለባት፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምትውል ወገቧ አካባቢ ትንሽ ጨምራለች እንጂ ጤነኛ ናት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፣ "ይሰራል አይሰራም?"

መልሱን ልፅፍላት ስጀምር ረጅም ሰዓት ፈጀብኝ ምክንያቱም ጥያቄው እንደዛ ሆኖ መልስ የለውም። ለማን ነው የሚሰራው፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ፣ ምን ተለክቶ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ እነዚህ አራቱ ካልተነገሩ አንዱ "አዎ" ብሎ ይሸጥላችኋል ሌላው "ውሸት ነው" ብሎ ያጣጥለዋል፣ ሁለቱም የሚጠቅሱት ጥናት አያጡም። ስለዚህ ለሷ የሰራሁትን እዚህ ላስቀምጥላችሁ፣ የሷን ቪድዮ ይዘን እንሂድ፣ መንገድ ላይ ኪቶውንም (ካርቦሃይድሬት ትቶ ስብ በብዛት መብላቱን) ሌላውንም እንነካካለን።

ከዛ በፊት ግን፣ ይሄ የምፅፈው ለጤነኛ አዋቂ ሰው ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት፣ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው፣ ድሮ ራሱን ማስራብ ወይም በልቶ ማስመለስ የነበረበት ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው፣ ሐኪም ሳያማክር ምንም ነገር እንዳይጀምር እለምናለሁ።

መጀመሪያ አረፍተ ነገሩን ሊለካ ወደሚችል ነገር ቀይሩት

"ሰውነት ይታደሳል" የሚለውን በምን ትለኩታላችሁ? ሚዛን የለውም። "ቶክሲን ያስወጣል" የሚለውም እንደዛው ነው፣ የትኛው ቶክሲን፣ ከዳይቱ በፊት ስንት ነበር ከዛ በኋላስ ስንት ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁ ዝም ነው የሚሉት፣ ያን ስራ የሚሰሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው ጁስ አይደለም። የአልካላይን ዳይት ሰዎች ደሞ "ደማችሁን ከአሲድ አፅዱ" ይላሉ፣ የደም ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) በጤነኛ ሰው ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚቆየው፣ ሳንባና ኩላሊት ናቸው ጠብቀው የሚይዙት፣ ምግብ የሚቀይረው የሽንትን ፒኤች ነው፣ ሽንታቸውን በወረቀት ለክተው "አያችሁ ተቀየረ" የሚሉት ለዛ ነው። እነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ።

የሷን ቪድዮ ወደሚለካ ጥያቄ ስንቀይረው እንዲህ ሆነ፦ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን 8 ሰዓት ውስጥ ብቻ ቢበላ፣ እንደፈለገው ሰዓት ከሚበላ ሰው ጋር ሲወዳደር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ክብደቱ ወይም ወገቡ ወይም የደም ምርመራው ይለያል ወይ? አሁን ሄደን የምንፈልገው ነገር አለን ማለት ነው።

ማስረጃው ከየት ነው የመጣው፣ ከእርሾ፣ ከአይጥ ወይስ ከሰው?

የኖቤሉ ነገር እውነት ነው። ዮሺኖሪ ኦሱሚ የሚባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምፅፈው) የህክምና ኖቤል የተሸለሙት ኦቶፋጂ ላይ በሰሩት ስራ ነው፣ ሴል የራሱን ያረጀ ክፍል እንዴት ፈጭቶ እንደገና እንደሚጠቀምበት ያሳዩበት ትልቅ ስራ ነው። ግን መሰረታዊው ስራ የተሰራው እርሾ ላይ ነው፣ አዎ ዳቦ የምናቦካበት እርሾ። እሳቸው ቁርስ የዘለለ ሰው ላይ 16ኛው ሰዓት ላይ ምን እንደሚፈጠር አልለኩም፣ ሽልማቱም ለዛ አይደለም። የቪድዮው ሰውዬ ያደረገው ነገር ከእውነተኛ ስራ ላይ ስሙን ወስዶ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ መለጠፍ ነው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው ምክንያቱም የምታየው ልጅ ግማሹን ጎግል አድርጋ እውነት ሆኖ ስታገኘው ሌላውንም ታምናለች።

አይጥ ላይ የተሰራም ብዙ አለ፣ የሚያስደንቅ ውጤት ያለው። ግን አይጥ ሰውነቷ ትንሽ ሆኖ ጉልበት የምትጨርሰው በጣም በፍጥነት ስለሆነ አንድ ቀን ሳትበላ መዋሏ ለኛ የብዙ ቀን ረሃብ እንደማለት ነው። የአይጥ ጥናት ሰው ላይ ምን መሞከር እንዳለበት ይጠቁማል፣ ራት እንድትዘሉ ግን ማዘዣ አይሆንም።

ቀጥሎ ያለው ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ነው። ይሄኛው ጠቃሚ ነው ግን አንድ ትልቅ ወጥመድ አለው፣ አትክልት የሚበዛበት ምግብ የሚበላ ሰው ብዙ ጊዜ አያጨስም፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ገንዘብም አለው፣ ሐኪም ጋርም በጊዜ ይሄዳል፣ ታዲያ ጤናው ከየትኛው መጣ? ለዚህ የማልረሳው ምሳሌ ቤታካሮቲን ነው፣ ካሮት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር። በደማቸው ብዙ ቤታካሮቲን ያላቸው ሰዎች ካንሰር ሲቀንስባቸው ታየ፣ እንግዲያው በኪኒን እንስጥ ተባለ፣ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ተሞከረ፣ ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ኪኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ገደማ ጨመረ። ቀነሰ አላልኩም፣ ጨመረ። ስለዚህ "ይህን የሚበሉ ሰዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ" ሲባል ጥሩ ፍንጭ ነው በሉና በዕጣ የተከፈለ ሙከራ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ፣ ራንደማይዝድ ትራያል የሚሉት እሱን ነው።

ከምን ጋር ነው ያወዳደሩት?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

በ2020 የወጣ የአሜሪካ ሙከራ አለ፣ 116 ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለ12 ሳምንት፣ ግማሾቹ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽት 2 ሰዓት ብቻ ይብሉ ተባሉ፣ ሌሎቹ በቀን ሶስቴ ይብሉ ተባሉ። በሰዓት የበሉት በአማካይ 0.94 ኪሎ ቀነሱ። ይሄን ብቻ ብትሰሙ "ሰራ!" ትላላችሁ፣ የነሱን በፊትና በኋላ ብቻ ካያችሁ በስታቲስቲክስም ይሰራል። ግን ሶስቴ የበሉትም 0.68 ኪሎ ቀንሰዋል። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው፣ ከአጋጣሚ የማይለይ። ሰው ጥናት ውስጥ ገብቶ እየተመዘነ መሆኑን ሲያውቅ ራሱ ትንሽ ይጠነቀቃል፣ ለዛ ነው ሌላኛው ቡድን የግድ የሚያስፈልገው። ቪድዮ ላይ "በፊት እና አሁን" ፎቶ ስታዩ ሌላኛው ቡድን የት አለ ብላችሁ ጠይቁ፣ የለም።

በ2022 ደሞ ከቻይና ጓንዡ ረዘም ያለ ወጣ፣ 139 ወፍራም ሰዎች ለአንድ ዓመት። ሁለቱም ቡድን ካሎሪ ቀንሷል፣ አንደኛው ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ብቻ ነው የበላው። ዓመቱ ሲያልቅ አንዱ 8.0 ሌላው 6.3 ኪሎ ቀነሰ፣ ይሄም ልዩነት ከአጋጣሚ ተለይቶ አልወጣም። እኔ ከነዚህ የምረዳው፣ ሰዓት መገደብ አንዳንዱን ሰው ትንሽ እንዲበላ ይረዳዋል፣ ካሎሪው ከተመሳሰለ ግን ሰዓቱ በራሱ ይህን ያህል ተአምር የለውም። ሁለቱም ጥናቶች ደሞ ክብደታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ነው የተሰሩት፣ እንደሷ ትንሽ የጨመረች ልጅ ላይ ውጤቱ ከዛም ያንስ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ነው።

"ጾማችን በሳይንስ ተረጋገጠ" የሚለውንም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሰው የሚጾመው ለነፍሱ ነው፣ እሱን በኪሎ ልለካው አልፈልግም። እንደ ማስረጃ ብቻ ካየነው ግን በአንድ ጊዜ ስንት ነገር እንደሚቀየር እዩት፣ ስጋና ወተት ይቀራል፣ ሽሮና ምስር ይበዛል፣ ዘይት ይጨምራል፣ የመጀመሪያው ምግብ እስከ 9 ሰዓት ይዘገያል፣ ከዛ ፋሲካ ይመጣል። የተለወጠው ነገር ከየትኛው እንደመጣ በምን ትለያላችሁ? ረመዳን ደሞ ጭራሽ ሌላ ነው፣ ቀን ውሃም የለም የሚበላው ማታ ነው። አንዱ ላይ የተገኘ ውጤት ሌላው ላይ አይገለበጥም፣ ስማቸው ጾም ስለሆነ ብቻ።

ሚዛኑ ምን እየለካ ነው?

ኪቶ የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይለዋል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚሆን ግላይኮጅን (ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር) አለ፣ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይይዛል፣ ካርቦሃይድሬት ስታቆሙ እሱ ሲያልቅ ውሃውም ይሄዳል፣ ስለዚህ ስብ ገና ሳይነካ እስከ 2 ኪሎ ሊወርድ ይችላል። እንጀራ የበላችሁ ቀን ተመልሶ ይመጣል፣ ሰውም "እንጀራ መርዝ ነው፣ በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ጨመርኩ" ይላል። ውሃ ነው እኮ።

ኪቶ መጀመሪያ የወጣው በ1921 ለሚጥል በሽታ ነው፣ ለዛ ዛሬም ጥቅም ላይ ይውላል። ጤነኛ ሰው ላይስ? ስዊድን ውስጥ ክብደታቸው ልክ የሆነ ወጣት ጤነኛ ሴቶች ላይ አራት አራት ሳምንት ተሞክሮ፣ ጥናቱን የጨረሱት 17 ሲሆኑ የሁሉም ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) ጨመረ፣ አንድም ያልጨመረባት የለም። ትንሽ ጥናት ነው አጭርም ነው፣ ግን 17ቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ቀለል አድርጌ አላየውም፣ ኤልዲኤል ደሞ ለልብ በሽታ ምክንያት መሆኑ በመድሃኒትም በዘርም ጥናት በደንብ የታየ ነገር ነው። "ኬቶኔ ስንት ደርሷል" ብሎ መለካትና (ኬቶን ሰውነት ስብ ሲያነድ የሚሰራው ነገር ነው) ኤልዲኤልን መለካት እኩል አይደሉም ለማለት ነው፣ አንዱ ከሞትና ከህመም ጋር የታወቀ ግንኙነት አለው፣ ሌላው ዳይቱን መከተላችሁን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ጤነኛ ሰው ሊያገኝ የሚችለው ጥቅም ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱን ከበሽተኛው በላይ አጥብቆ ነው መጠየቅ ያለበት። ቪጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ) ለዓመታት የሚሆንም ቪታሚን ቢ12 ከየት እንደሚያገኝ ካሁኑ ያስብ።

ስንት ጊዜ ቆየ?

በ2020 121 ሙከራዎችን፣ ወደ 22 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን፣ 14 ዓይነት ስም ያላቸው ዳይቶችን አንድ ላይ የደመረ ስራ ወጥቷል። በ6 ወር አብዛኛው ዳይት የተወሰነ ክብደት አስቀንሷል፣ በ12 ወር ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ 8 ሳምንት ያለ ጥናት ይዞ የመጣ ሰው ግማሹን ታሪክ ነው የነገራችሁ። ቦስተን ውስጥ በ2005 160 ሰዎች በአራት ታዋቂ ዳይቶች ተከፍለው ለአንድ ዓመት ሲታዩ ክብደት መቀነሱ የተያያዘው ከዳይቱ ስም ጋር አልነበረም፣ ሰውየው ምን ያህል ጠብቆታል ከሚለው ጋር ነው፣ ብዙዎቹም መሃል ላይ አቋርጠዋል። ጥናት ስታነቡ ስንት ሰው ጀመረ ስንት ጨረሰ የሚለውን ፈልጉ፣ ከ100 ሰው 40ው ካቋረጠና የሚነገራችሁ የጨረሱት 60ዎቹ ውጤት ብቻ ከሆነ ዳይቱ የከበዳቸው ሰዎች ከሂሳቡ ወጥተዋል ማለት ነው።

"ለኔ ሰራልኝ" እና "ለደሜ ዓይነት"

"ጓደኛዬ 15 ኪሎ ቀነሰች" ይላችኋል ሰው፣ እውነት ነው ቀንሳ ይሆናል። ስታንፎርድ በ2018 ያወጣውን እዩ፣ 609 ሰዎች፣ ግማሹ ስብ ቀነሰ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ፣ ሁለቱም ደህና ምግብ፣ ለአንድ ዓመት። አማካዩ 5.3 እና 6.0 ኪሎ፣ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ግን በሁለቱም ቡድን ውስጥ 20 ኪሎና ከዛ በላይ የቀነሰ አለ፣ የጨመረም አለ። ታዲያ ለማን የትኛው እንደሚሆን በዘረመል ወይም በኢንሱሊን ምላሽ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ ብለው ፈትሸው ነበር፣ ሁለቱም አስቀድመው ሊናገሩ አልቻሉም። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ "በዲኤንኤህ የተሰፋ ዳይት" ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው በሙከራ ያሳየበትን እንዲያመጣ ጠይቁት። የደም ዓይነት ዳይቱንም (ለኤ፣ ለኦ፣ ለየደሙ ዓይነት የራሱ ምግብ አለው የሚለውን) ቶሮንቶ በ2014 1,455 ሰው ላይ አይተውታል፣ የኤ ዳይት የተከተለ ሰው አንዳንድ ነገር ተሻሽሎለታል፣ ግን ደሙ ኤ ሆነም ኦ ሆነ ያው ነው። አትክልት በላ ተሻለው፣ ደሙ ምንም አላደረገም።

ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) መተውም እንደዚህ ነው፣ ሲሊያክ (ግሉተን አንጀቱን የሚጎዳበት በሽታ) ላለበት ሰው የግድ ነው፣ ለሌላው ሰው "ከግሉተን ነፃ" የሚለው ፅሁፍ ያቅጥናል ማለት አይደለም፣ ጤፍ ከድሮም የለውም።

ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት

ስፔን ውስጥ የተሰራው የሜዲትራኒያን ዳይት (የወይራ ዘይት፣ አትክልትና ዓሳ የሚበዛበት አመጋገብ) ሙከራ ከሁሉም የሚሻል ማስረጃ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ 7,447 ሰዎች ወደ አምስት ዓመት ገደማ። "ሃርት አታክና ስትሮክ በ30 በመቶ ቀነሰ" ተብሎ ነው የሚነገረው። ጥሬውን ስታዩት ደሞ፣ ከ1,000 ሰው ውስጥ የተለመደውን ምክር ያገኙት 44 ሰው ሲታመም የወይራ ዘይት የተሰጣቸው 38፣ ለውዝና መሰል ፍሬዎች የተሰጣቸው 34 ሆኑ (30 በመቶው የመጣው የክትትሉን ጊዜና ሌሎች ልዩነቶችን ካስተካከሉ በኋላ ነው)። ጥቅም ነው፣ አልንቀውም፣ ግን 30 በመቶ ሲባል የሚሰማችሁና "ከሺህ ሰው ከስድስት እስከ አስር" ሲባል የሚሰማችሁ አንድ አይደለም። ሰዎቹ ደሞ ከ55 እስከ 80 ዓመት፣ ለልብ በሽታ የተጋለጡ ነበሩ። 34 ዓመቷ ጤነኛ ልጅ ላይ ከሺህ ስንት ይሆናል? በጣም ያንሳል ምክንያቱም መነሻው ራሱ ትንሽ ነው።

ይሄው ጥናት በ2013 ወጥቶ በ2018 ተነስቶ ተስተካክሎ እንደገና ታትሟል፣ አንዳንድ ቦታ ዕጣው በትክክል ስላልወጣ ነው፣ የአንድ ቤት ሰዎች አንድ ላይ ተመድበው ነበር ለምሳሌ። እንደገና ሲሰላ ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም ግን አነጋገራቸውን ለዘብ አደረጉት። ይሄን ሰምታችሁ "ሳይንስ ሁሉ ውሸት ነው" አትበሉ፣ ስህተቱን አውጥቶ ያስተካከለ ጥናት ስህተቱን ከማታውቁት ቪድዮ ይሻላል።

ትንሽ ሰውና ብዙ ልኬት ሲገናኙም ተጠንቀቁ። በ2015 ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ጀርመን ውስጥ ጥናት አሰራ፣ 15 ሰው፣ 18 የተለያየ ልኬት፣ ቸኮሌት ያቀጥናል የሚል ውጤት አገኘ፣ ጆርናል ላይ ወጣ፣ ጋዜጦች በየሀገሩ አራገቡት። 18 ነገር ስትለኩ አንዱ በአጋጣሚ ጥሩ መስሎ የመውጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ (ሙከራዎች የሚመዘገቡበት ድረ ገፅ) ላይ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት "ዋናው የምንለካው ይሄ ነው" ብለው ያስመዘገቡት አለ፣ ከወጣው ውጤት ጋር አስተያዩት፣ ከተለያየ ጠርጥሩ።

ሰዎቹ በልተናል ያሉትን እንዴት አወቁ የሚለውም አለ። በ1992 አሜሪካ ውስጥ "ትንሽ በልቼ አልቀንስም" የሚሉ 10 ሰዎች ተለክተው፣ የበሉትን በአማካይ ግማሽ ያህሉን አሳንሰው ነበር የተናገሩት፣ መዋሸት ፈልገው ላይሆን ይችላል ሁላችንም እንረሳለን። ለዛ ነው 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ ምግቡን ራሱ እየመዘነ የሰጠውን የ2019ኙን ጥናት የምወደው፣ በፋብሪካ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ ሲሰጣቸው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ፣ በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ጨመሩ፣ ሌላው ምግብ ሲሰጣቸው ያንኑ ያህል ቀነሱ። አጭር ነው፣ ግን ምን እንደበሉ በግምት አይደለም።

ገንዘቡንም እዩ። በ1967 ስብን ጥፋተኛ አድርጎ ስኳርን ያቀለለ የሃርቫርድ ፅሁፍ ከስኳር ኢንዱስትሪው 6,500 ዶላር ተከፍሎበት እንደነበር የታወቀው በ2016 ነው። የተከፈለበት ሁሉ ውሸት አይደለም፣ የተደበቀ ክፍያ ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ እንድትሉ ያደርጋል።

ፐብሜድ (የህክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ድረ ገፅ) ነፃ ነው፣ የዳይቱን ስምና ራንደማይዝድ ትራያል የሚለውን በእንግሊዝኛ ፅፋችሁ አጭሩን ማጠቃለያ ብቻ አንብቡ፣ ኮክሬን ላይ ደሞ ብዙ ጥናት አንድ ላይ የተደመረበት ካለ ከዛ ጀምሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የሚችል ሰው ያንብብላችሁና አራቱን ጠይቁት፣ እነማን ላይ፣ ከምን ጋር፣ ምን ለክተው፣ ስንት ጊዜ።

ለአክስቴ ልጅ የፃፍኩላት እንዲህ ነው፦ "ራት በጊዜ መብላት ከቀለለሽ ብዪ፣ ምንም ጉዳት አላየሁበትም፣ ግን ይታደሳል የሚለውን እርሺውና የምትለኪውን ዛሬ ፃፊ፣ ወገብሽን በሜትር፣ ክብደትሽን በሳምንት አንዴ ጠዋት። ዱቄቱን አትግዢ፣ ስለሱ አንድም በዕጣ የተከፈለ ሙከራ አላሳየም።" አሁን ማታ 1 ሰዓት ላይ በልታ ትጨርሳለች፣ ቁርሷን ግን አልተወችም ምክንያቱም ሳትበላ ቢሮ ስትገባ ራሷን ያማታል። ሶስት ወሯ ጥር ላይ ይሞላል፣ ወገቧ ካልተነቃነቀ ትተወዋለች።